ለገሃርን ማን ያነብልናል?



እኛ የሳቢያን ልጆች ከዚራ የምንሄደው ለጉዳይ ነው። ጉዳያችንን ጨርሰን፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ጭማቂ ጠጥተን በባጃጅ እንመለሳለን። ለገሃር ፊት ለፊት ፎቶ ያልተነሳ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለ ሕንጻው ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም ነው።

ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት። መስመሩ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው ወጪውን ስላከበደው ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ሄደ፤ ታኅሣሥ 1895 (በፈረንጆቹ 1902) እዚህ ደረሰ። ከተማችንም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ እዚህ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር።

ከጣቢያው ፊት ቀጥ ያሉት የከዚራ መንገዶች አሉ፤ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ፣ ጠባብ መንገዶቹ፣ ቀፊራ ገበያ ከነቅስት በሮቹ። «ከዚራ የፈረንጅ፣ መጋላ የእኛ» ሲባል ከደረሳዎቻችንም እንሰማለን። እኛ አንስማማም። መሐንዲሶቹ ፈረንጆች ቢሆኑም በዚያ በረሃ ሐዲዱን ከዘረጉት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሶማሌዎችና ዐረቦች ነበሩ።

በቅርቡ ልጆቹን ይዘን ሄደን ነበር። በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የባቡር ሠራተኛ ሐጂ አብረውን ነበሩ። ግንባሩ ላይ ያለውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አነበቡልን፤ ድርጅቱ ቀድሞ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ይባል እንደነበር፣ ጅቡቲ በ1969 ነጻ ከወጣች በኋላ የጅቡቲና የኢትዮጵያ እንደተባለ ነገሩን።

አንዱ ልጅ «ሐጂ፣ ፈረንሳይኛ የት ተማሩ?» ብሎ ጠየቀ።

«እዚሁ ጋራዥ ውስጥ፣ ብሎን እየፈታሁ» አሉት።

(ከዚያ በኋላ ስልኩን የነካ ልጅ አላየንም። ሱብሓነላህ!)

በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ አዲሱ ባቡር አይሄድበትም። ስለዚህ ለገሃር የቀድሞ ሥራውን አጥቷል። ቤት ደግሞ ከእርጅና ይልቅ ባዶነት ቶሎ ይጥለዋል። ቀለም መቀባት ጥሩ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ነገር በየቀኑ ሰው የሚገባበት መሆኑ ነው፤ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት እንኳን ቢሆን።

ለእኛ የሚያስፈራን ግን ግድግዳው አይደለም። ሐጂን «አብረዋችሁ ከሠሩት እዚህ ድሬ ያሉት ስንት ናቸው?» አልናቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ እጅ አልሞላም።

በመጪው ቅዳሜ ኢንሻአላህ ድምፃቸውን ልንቀዳ እንሄዳለን። መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከዐስር በኋላ ስለሚደክማቸው የምንገናኘው በጠዋት ነው።