የፊቱን እጅ ያዙ፣ የኋላውን ልቀቁ

በአማርኛችን «ነፋስ» እና «መንፈስ» የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ደግሞ ለሁለቱም የሚያገለግለው አንድ ቃል ነው። ጌታ ኢየሱስ በሌሊት ወደ እርሱ ለመጣው ለኒቆዲሞስ ስለ ዳግም ልደት ሲያስረዳው በነፋስ የመሰለለት ያለ ምክንያት አይደለም (ዮሐ. 3፥8)። ነፋስ አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል፤ ማንም ሰው አያዝዘውም። ይህን በስብከት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በእጄ ይዤ የተማርኩት ግን ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በምንኖርበት በኔዘርላንድ፣ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ሐይቅ ላይ ነው።

ያልተጠበቀው ስጦታ

ልጆቻችን የጋብቻችንን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ገንዘብ አዋጥተው የሁለት ቀን የጀማሪዎች ኮርስ ከፈሉልን። ኮርሱ ዊንግ ሰርፊንግ የሚባል የውሃ ላይ ስፖርት ነው። ዘመዶቻችን ሲሰሙ ሳቁ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው በስልክ ያስጠነቀቁንም ነበሩ።

ልጆቻችን ግን የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባለቤቴ 17 ዓመት የሠራበት ድርጅት ሠራተኞች ሲቀንስ እርሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ዝም አለ። ጠብ የለም፤ ጩኸት የለም። አብረን እንጸልያለን፤ እሑድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ነገር ግን ከ«አሜን» በኋላ ባለቤቴ ወደ ዝምታው ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ዝምታ በትዳሯ ያሳለፈች እህት ክብደቱን ታውቀዋለች።

ግድቡ ያላስቆመው ነፋስ

የተማርነው ከሮተርዳም በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው ብራውወርስዳም በተባለው ግድብ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953፣ ጥር 31 ለየካቲት 1 አጥቢያ፣ የሰሜን ባሕር በማዕበል ተነሥቶ የአገሪቱን ደቡብ ምዕራብ አጥለቀለቀ። በኔዘርላንድ ብቻ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ የባሕሩን መግቢያዎች በግድብ መዝጋት ጀመረች። ይህም ግድብ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጠናቀቀ። በአንድ ወገኑ ባሕሩ ይጮኻል፤ በሌላው ወገን ግሬቨሊንገን የሚባለው ጨዋማ ሐይቅ ተኝቷል። ጀማሪዎች የሚማሩት ጥልቀት በሌለው በሐይቁ ዳር ነው።

ግድቡ ባሕሩን አስቁሞታል። ነፋሱን ግን አላስቆመውም። በግድቡ ላይ አልፎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

አስተማሪያችን በዕድሜ ልጃችን ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። በመጀመሪያ ዋና መቻላችንን ጠየቀችን። ከዚያም የጎማ ልብስ፣ ሄልሜትና የመንሳፈፊያ ጃኬት አስለበሰችን። ክንፉን በእጅ ፓምፕ በአየር ሞላነው። በነፋስ ከሚሄደው ከቀድሞው ዊንድ ሰርፊንግ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በዚያኛው ሸራው በምሰሶ ከሰሌዳው ጋር ይያያዛል። በዚህኛው ግን ክንፉን የሚይዘው የሰው እጅ ብቻ ነው፤ ቢያመልጥ እንዳይርቅ በቀጭን ገመድ ከእጅ አንጓ ጋር ይታሰራል። እንዲህ በአየር የሚሞላው ክንፍ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ነው። የለመዱት ሰዎች ከሰሌዳው ሥር ሌላ ክንፍ መሰል መሣሪያ ስለሚገጥሙ ሰሌዳው ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ለእኛ የተሰጠን ግን ሰፊና ከባድ ሰው የሚያንሳፍፍ የጀማሪ ሰሌዳ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት

የመጀመሪያውን ሰዓት ውሃ አልነካንም። በሣር ላይ ቆመን ክንፉን መያዝ ተማርን። ክንፉ የፊትና የኋላ እጀታ አለው። የፊተኛው እጅ ክንፉን ይሸከማል፤ የኋለኛው እጅ ሲስብ ክንፉ ነፋሱን ይይዝና ኃይል ያገኛል። ታዲያ ድንገተኛ ነፋስ ሲመታ ሰው በተፈጥሮው የሚያደርገው ሁለቱንም እጁን አጥብቆ ወደ ራሱ መሳብ ነው። በሳበ ቁጥር ግን ክንፉ የበለጠ ነፋስ ይይዛል፤ ሰውየውንም አንሥቶ ይጥለዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የኋላውን እጅ ትለቃለህ። የፊቱን ግን አትለቅም። ያን ጊዜ ክንፉ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ነፋሱን ያሳልፈዋል፤ ኃይሉም ወዲያው ይጠፋል። ሁለቱንም እጅ የለቀቀ ሰው ደግሞ ክንፉ ከእጁ አምልጦ በነፋስ ሲንከባለል ያያል።

ውሃው ላይ ስንወጣ በመጀመሪያ በሰሌዳው ላይ ተንበረከክን። ባለቤቴ ጉልበተኛ ሰው ነው። ነፋስ ሲመታው ይስባል፤ ይወድቃል። ይነሣል፤ ይስባል፤ ደግሞም ይወድቃል። አስተማሪዋ ከዳር ሆና «የኋላውን!» እያለች ትጮኻለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደገና ሲመጣ የኋላ እጁ ሲከፈት አየሁ። ክንፉ ተውለበለበ፤ ነፋሱ አለፈ። ባለቤቴም ቀስ ብሎ ቆመ። ሠላሳ ሜትር ያህል ሄደ። ከወራት በኋላ የሳቁን ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ጀማሪ ሰው ወደ ነፋሱ መምጫ መመለስ ስለማይችል ነፋሱ ወደሚሄድበት እየተገፋ ይርቃል፤ ስለዚህ ሰሌዳውን ተሸክሞ በእግሩ ይመለሳል። ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሰሌዳውን ይዘን ስንመለስ እንዲህ አለኝ፦ «አምስት ወር ሙሉ በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። ሥራው ሄዷል፤ እኔ ግን እስካሁን እየሳብኩ ነው።» ድምፁ ተቆራረጠ። ከዚያ በኋላ እስከ መኪናችን ድረስ ማውራቱን አላቆመም። ስለ ኀፍረቱ ነገረኝ፤ ልጆቹ ፊት ያነሰ ስለመሰለው ነገረኝ። ሥራ ያገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ደመወዙም ከቀድሞው ያነሰ ነው። ዝምታው ግን ያን ቀን ተሰበረ።

ለእናንተ ለባለትዳሮች

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ በትዳር ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ማስቆም የሚችል ባልም ሚስትም የለም። ሥራ ይታጣል፤ ሕመም ይመጣል፤ ልጆች ከቤት ይወጣሉ። ነፋሱ ሲመታ አንዳንዶች ሁሉን ጨብጠው በራሳቸው ጉልበት ሊቆሙ ይታገላሉ። ሌሎች ደግሞ ሁለቱንም እጅ ይለቃሉ፤ ቃል ኪዳኑም አብሮ ይሄዳል።

የፊቱ እጅ በእግዚአብሔር ፊት የገባነው ቃል ኪዳን ነው። እርሱ አይለቀቅም። የኋላው እጅ ግን ጭንቀታችን፣ ክብራችን፣ «በእኔ ጉልበት ካልሆነ» ማለታችን ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ የሚያስብልን ጌታ ስላለ ጭንቀታችንን በእርሱ ላይ እንድንጥል የመከረን ይህንኑ ነው (1 ጴጥ. 5፥7)።

አንድ ነገር ልጨምር። አስተማሪያችን ነፋስ ከየብስ ወደ ውሃ በሚነፍስበት ቀን ጀማሪ ፈጽሞ አይወጣም አለችን፤ ምክንያቱም ከዳር እያራቀ ይወስደዋል። በቤት ውስጥ ዱላና ዛቻ ካለም ነገሩ እንዲሁ ነው። «ልቀቁ» ማለት በደልን ዝም ብላችሁ ቻሉ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ነፋስ አይለመድም፤ ከእርሱ መውጣትና እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁላችሁም ሐይቅ አጠገብ አትኖሩም፤ ለእንዲህ ያለ ኮርስ የሚሆን ገንዘብም ላይኖራችሁ ይችላል። ነገር ግን ሁለታችሁም የማታውቁትን አንድ ነገር አብራችሁ ጀምሩ። አትክልት መትከል ይሁን፣ አዲስ ቋንቋ ይሁን፣ ሁለታችሁም ተማሪ የምትሆኑበት ይሁን። አብሮ የወደቀ ሰው አብሮ መሳቅ አይከብደውም፤ አብሮ ከሳቀም በኋላ የልቡን ይናገራል። ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ ቶሎ አትነሡ። እርስ በርሳችሁ «በኋላ እጅህ ምን ጨብጠሃል? አንቺስ?» ተባባሉ።

ነፋሱንም ሐይቁንም የፈጠረ ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።