ማሽላ መዘራቱን ማን ነገረው?

ዋጃ ላይ ጨዋታ የሚደምቀው ፀሐይ በረድ ሲል ነው። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ይህች የቆላ ከተማ ቀኑን በሙቀት ተይዛ ትውልና ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሰው ከየቤቱ ብቅ ብቅ ይላል፤ ከብት ይገባል፣ ቡና ይቆላል። በአጎቴ ግቢ ውስጥ ጥላው የሰፋ አንድ ቁርቁራ ነበር። ሰዎች ስለ ተፈጥሮና ስለ ኑሮ በቁም ነገር ሲከራከሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዚያ ሥር ነው። ዘመኑ 1995 ዓ.ም.፣ እኔም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ።

ክፉ ዓመት ነበር። ያለፈው ክረምት ዝናብ አጥሮ በመላ አገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ይጠብቅ ነበር። በእኛ ቆላ ደግሞ ከዝናብ እጥረቱ የተረፈውን ማሽላ የሚበላ ሌላ ጠላት አለ፤ አቀንጭራ የሚባለው አረም። አበባው ሐምራዊ ነው፤ እኛ ልጆች እየቀጠፍን እንጫወትበት ነበር። አባቶቻችን ግን ያንን አበባ ማሳቸው ላይ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ማሽላው ውሃ ጠጥቶ አድሮ እንኳ ውሃ እንደ ጠማው ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ዘለላው ባዶ ይሆናል።

ከቁርቁራው ሥር የሚቀመጡት ሰዎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ሼኹ ነበሩ፤ መሪጌታው ነበሩ፤ ከከተማው ዳር የሚያርሱ ሁለት ሦስት ገበሬዎች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የሳይንስ መምህራችን፣ ሥራ የፈቱ ወጣቶች ይመጡ ነበር። ቡናውን የምታፈላው አክስቴ ናት፤ ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ ጆሮዋ ከጨዋታው አይርቅም፣ ሐሳብ ካላት ሲኒ እንደያዘች ትናገራለች። እኔ ሲኒ አቀባይ ነበርኩ። በዚያ ሹመት እኮራ ነበር፤ ልጅ አዋቂ መሀል ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ሌላ በር አልነበረምና።

ጨዋታውን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። በራያ ቆቦ ደም የሚያደርቀው፣ ገዳይንና የሟችን ወገን የሚያስታርቀው የዘወልድ ሽምግልና ውስጥ ለረጅም ዘመን ተቀምጠዋል። ዘወልድ ላይ ለእርቅ የሚቀመጥ ሰው ወሬን ከምስክርነት ለይቶ ካላወቀ ደም አድርቃለሁ ብሎ ደም ያፈሳል። እሳቸውም ያንን ልማድ ወደ ቁርቁራው ጥላ ይዘውት መጥተዋል። ማንም ሰው «አቀንጭራ የሚመጣው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው» ብሎ ሲጀምር ከዘራቸውን አንሥተው ያስቆሙታል።

«አየህ ወይስ ሰማህ?»

«ሰምቼ ነው አባቴ።»

«እንግዲያው ሰማሁ በል። ያየ ይቅደም፣ የሰማ ይከተል፣ ያሰበ መጨረሻ ይናገር።»

ይህ ሥርዓት ለሁሉም ይሠራ ነበር። መምህሩም ከመጽሐፍ ያገኘውን ሲናገር «ሰማሁ» እያለ ነበር፤ ቅር ሲለው አይቼ አላውቅም። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ምርምር ዘዴ ስማር ከዚህ የተሻለ አጭር ትምህርት አላጋጠመኝም።

አንድ ምሽት አንደኛው ገበሬ አቀንጭራ በ77ቱ ድርቅ ከእርዳታ ስንዴ ጋር የገባ ነው አለ። ሽማግሌው የተለመደውን ጠየቁት፤ ሰምቶ ነው። ሌላው ተነሥቶ፣ አባቱ ከዚያ በፊት አቀንጭራ ሲነቅሉ አብሮ መንቀሉን መሰከረ። ከእርዳታ እህል ጋር መጣ የሚባለው ቅንጬ አረም ነው፣ እሱን ድሮ አላየነውም፣ ተባባሉ። ሳይንቲስቶችም ስለ ቅንጬ አመጣጥ የሚጠረጥሩት ይህንኑ ነው። ሁለቱን አረም በምስክር ለያይተው የየራሳቸውን ታሪክ ሲሰጧቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው ራሳቸው ያቺን ጥያቄ ያነሡት።

«እኔ ያየሁትን ልናገር» አሉ። «አቀንጭራ ባጠፋው ማሳዬ ላይ ሽምብራ ስዘራ አንድም አልበቀለም። በዓመቱ ማሽላ ስመልስበት ግጥም ብሎ ወጣ። ዘሩ ከአፈሩ ውስጥ ካለ፣ ማሽላ መዘራቱን ማን ነገረው?»

ሁሉም ወደ መምህሩ ዞረ። እሱም ጥቂት አስቦ «አላውቀውም አባቴ፤ ጠይቄ እመጣለሁ» አለ። አስተማሪ በሰው ፊት አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን የበለጠ አከበሩት። ሼኹ «አብሽር፣ ያላወቀ ጠይቆ ያውቃል» ብለው ሲኒያቸውን አቀበሉኝ።

በማግስቱ መምህሩ የደረቀ አቀንጭራ ነቅለን እንድናመጣ አዘዘን። ክፍል ውስጥ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ አንዷን ፍሬ በጣቶቹ መሀል አሻት። ወረቀቱ ላይ የወረደው ከቡና ዱቄት የደቀቀ ቡናማ ትቢያ ነው። አጉሊ መነጽሩን ተራ በተራ ሰጠን፤ እያንዳንዷ ትቢያ ለካ ራሷን የቻለች ዘር ናት። አንድ አቀንጭራ እንዲህ ያለውን ዘር በአሥር ሺዎች እንደሚበትን ነገረን። አንዱ ልጅ ሲያስነጥስ ወረቀቱ ባዶ ቀረ። ማሳ ለማሳ እንዴት እንደሚዞር ከዚያ ወዲያ ማብራራት አላስፈለገም። ያን ቀን ማታ ለቡናው ታዳሚ «አየሁ» ብዬ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፤ ሽማግሌውም ከዘራቸውን አላነሡብኝም።

በዚያው ሰሞን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ አዲስ የማሽላ ዝርያዎች ማውራት ጀመረ። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ናቸው፤ የአንዱ ስም ጎብዬ፣ የሌላው አብሽር። ጎብዬ ከቆቦ በስተደቡብ፣ ከሮቢት አለፍ ብላ ያለችው የጎረቤታችን ከተማ ስም ስለሆነ ሰው በጉጉት ነበር ያዳመጠው። አክስቴ ግን ቡናዋን እየቀዳች ጠየቀችው።

«ቁመቱስ?»

«አጭር ነው እትዬ። ቶሎም ይደርሳል፤ ዝናብ ቢያጥርም ያመልጣል።»

«እህሉስ እሺ። ላሚቱ ምን ትብላ? ምድጃዬን በምን ላንድድ? አጥሩንስ በምን ልጠር?»

እኛ ጋ ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉት የአገር ማሽላዎች ከሰው በላይ ይረዝማሉ። አገዳቸው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። አንዱ ገበሬ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ፤ የሁሉም ማሽላ ገና እሸት ሳይሆን የእኔ ብቻ ቀድሞ ከደረሰ የአገሩ ግሪሳ ወፍ በሙሉ እኔ ማሳ ላይ ይሰፍራል አለ። ሠራተኛው አልተከራከረም። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ የአክስቴንም የገበሬውንም ቃል ጻፈ። የዚያ ሰው ትህትና እስከ ዛሬ ከልቤ አይወጣም። አክስቴ ያነሣችው ነገር ተመራማሪዎች ገበሬ አዲስ ዝርያ ለምን እንደማይቀበል ሲጽፉ ደጋግመው የሚያነሡት ነው፤ እሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም።

ሁልጊዜ ስለ አቀንጭራ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ደጋዎች ላይ የዘነበው ዝናብ ስንት ሰዓት ተጉዞ እኛ ጋ እንደሚደርስ ጎርፍ በመጥለፍ ያረጀ አንድ ገበሬ በጥላ እየለካ አስረድቶኛል። ጎርፉን ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የራያ ቆላ የጥንት እውቀት ነው፤ ተራውም እንዲሁ በምስክርና በሽምግልና የሚደለደል ነው።

ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው ከአጠገቡ ያለ የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባል ቅመም ሲያመነጭ ነው። ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ከመሬት በላይ ሳይታይ ለሳምንታት ይመጥጠዋል፤ ገበሬው አበባውን ባየበት ቀን ጉዳቱ ደርሶ አልቋል። ማሽላ ይህን ቅመም ለምን ያመነጫል ለሚለው የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 መልስ አገኙ። ከሥር ጋር ተጎዳኝቶ ፎስፈረስ የሚያመጣ ጠቃሚ ፈንገስ አለ፤ ቅመሙ የሚሄደው እሱን ፍለጋ ነው። ማሽላው የተጣራው ወዳጁን ነው፤ ጠላቱ ሰምቶ ደረሰበት።

የጎብዬና የአብሽር ሥር ግን አቀንጭራን የሚያነቃውን ዓይነት ቅመም እጅግ አሳንሶ የሚያመነጭ በመሆኑ ብዙው አቀንጭራ ሳይነቃ ይቀራል። ከእነዚህ ዝርያዎች ጀርባ ያሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ ተወልደው፣ እኔ በተማርኩበት ግቢ አለማያ በሚባልበት ዘመን ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ የታሰቡኝ ያ ሽማግሌ ናቸው።

ለእረፍት ዋጃ ስመለስ ጉልበታቸው ደክሞ አገኘኋቸው፤ ጥያቄያቸውን ግን አልረሱም። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በቃል ነገርኳቸው፤ «ሰማሁ» ብዬ ነው የጀመርኩት። ዝም ብለው አዳመጡና እንዲህ አሉኝ።

«ማሽላው የሚጣራው ስለራበው ነው አልከኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«እንግዲያው መሬቱን ብናጠግበው ብዙም አይጣራ፣ አቀንጭራውም ይቀንሳል።»

ይህ በምርምር የተረጋገጠ ነው። ፎስፈረስና ናይትሮጂን ባነሰበት አፈር የቅመሙ መጠን ይጨምራል፤ አፈሩ ሲዳብር ይቀንሳል። እኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብቤ የደረስኩበትን እሳቸው ተቀምጠው፣ በአንድ እርምጃ ደረሱበት። ቀጠሉናም «ድሮ መሬት እናሳርፍ ነበር፣ ፍግም እንበትን ነበር። አሁን ልጅ በዛ፣ መሬት ተቆራረጠ፣ ኩበቱም ምድጃ ገባ» አሉ። የአረሙ ነገር የመሬት ነገር፣ የመሬቱ ነገር የትውልድ ነገር ሆኖ በአንድ ትንፋሽ ተነገረ።

የትውልዱ ነገር በእርግጥ ከቁርቁራው ሥር ጠፍቶ አያውቅም። ከራያ ቆቦ ወጣቱ በአፋር አድርጎ ጅቡቲ ኦቦክ ይወርዳል፣ በጀልባ የመን ይሻገራል፣ ከዚያ ሳዑዲ። ደላላ የነገረው ሁሉ ወርቅ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ አንድ የሰፈራችን ልጅም መጣ። ሰው ሊያጽናናው፣ አንዳንዱም ሊገሥጸው ተሰበሰበ። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ አልነበሩም፤ ሥርዓታቸው ግን ነበረ። አጎቴ «ተዉት፤ ያየውን ይንገረን» አለ።

ልጁ ነገረን። ባሕሩን፣ በረሃውን፣ ሳይመለሱ የቀሩትን። ለጉዞ የተነሡ ሁለት ወጣቶች አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዳምጡ አንገታቸው ሲደፋ አየሁ። ከዚያ ግን ልጁ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አመጣ። የሠራበት እርሻ ከምድር ጥልቅ በሚሳብ ውሃ በረሃ ላይ የሚያለማ ነው፤ ጉድጓዱን ግን በየጊዜው ያጠልቁት ነበር። «እኛም በቆቦና በዋጃ ሜዳ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው። የእኛ ውሃ በዝናብ ይተካል ወይስ እንደነሱ ያልቃል? ማን ለክቶታል?» አለ። ሳዑዲ ውሃዋ እየራቀ ስለሄደ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአገር ውስጥ ገበሬ ስንዴ መግዛት አቁማ ነበር፤ እሱ ይህን የጠየቀው ከዚያ ቀድሞ ነው።

ያ ጥያቄ የቆቦ ጊራና ሸለቆን የመስኖ ሥራ የሚመለከት ትልቅ የሳይንስ ጥያቄ ነው። ወጣቱ አገር ውስጥ ሠርቶ ይኖራል ወይስ ይሰደዳል የሚለውም በሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሳይንሱን ከኑሮው ነጥሎ የሚያነሣ ሰው ከዚያ ጥላ ሥር አላየሁም፤ እኔም ዛሬ ድረስ ነጥዬ ማሰብ አልሆነልኝም፤ እንዲሆንልኝም አልፈልግም።

የስሪንቃ ተመራማሪዎች፣ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በየቀበሌው ያላችሁ የልማት ሠራተኞች፤ ወደ ራያ ቆላ ስትወርዱ የመጠይቅ ወረቀታችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ቡና ላይ ተቀመጡ። የሚነሡትን ጥያቄዎች ጻፏቸው፤ ከጥያቄው ጎንም የጠያቂውን ስም አስፍሩ።