የጠመኔ ካርቶን

ያን ዓመት ከልጆቼ ያየሁት ዓይናቸውን ብቻ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጋው ትምህርት ቤት በ2013 ሲከፈት፣ ማስክ አጥልቀው አንድ ዴስክ ላይ አንድ አንድ ሆነው ተቀመጡ። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲኖር ስለታዘዘ፣ ከስልሳ በላይ ይታጨቅበት የነበረው የአሥረኛ ክፍል ተከፋፍሎ በፈረቃ ይመጣ ጀመር። የማስተምረው አማርኛ ነው፤ የዚያ ክፍል ሆም ሩምም እኔ ነበርኩ። የሁሉንም ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ የያዝኩት በዚያ ዓመት ብቻ ነው።

ድሮ ማን አልቅሶ፣ ማን ቁርስ ሳይቀምስ እንደመጣ ከፊታቸው እገምት ነበር። ማስኩ ይህን ስለነሳኝ መጠየቅ ግድ ሆነ። መልሱ ግን የሁሉም አንድ ነው፤ «ደበረኝ»። አባቱ ከሥራ የተቀነሰበትም ደብሮታል፤ ጓደኛዋ ያኮረፈቻትም ደብሯታል፤ ሒሳብ ያልገባውም ደብሮታል። ሰባት ወር ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙ ልጆች ይህን ሁሉ ነገር በአንድ ቃል ይሸፍኑት ነበር።

ከዚያ በፊት «የሕይወት ክህሎት» የሚባል ሥልጠና ወስጄ ነበር። አሠልጣኙ በ1995 እ.ኤ.አ. ስለታተመው የዳንኤል ጎልማን የስሜት ብልህነት መጽሐፍ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለተመሠረተው ካስል ስለሚባል ድርጅትም ነገሩን። ድርጅቱ ለወጣቶች ያስፈልጋሉ የሚላቸው ክህሎቶች አምስት ናቸው፤ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ በኃላፊነት መወሰን። እኔም አምስቱን ሰሌዳ ላይ ደረደርኳቸው። ልጆቹ በጥሞና ገለበጡ። ስጨርስ ከፊት የተቀመጠችው እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?»

ልጅቷ አልተሳሳተችም። የሰጠኋቸው የሚሸመደድ ኖት ነበር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ «ደበረኝ» ብዬ ጻፍኩና በላዩ ላይ ሰረዝኩበት። «ዛሬ ይህን ቃል አንጠቀምም። እናቶቻችሁ፣ አያቶቻችሁ ምን ይላሉ?» መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዱ «ከፋኝ» አለ፤ ወዲያው ተግተለተለ። ቅር አለኝ። ሆድ ባሰኝ። አንጀቴ አረረ። ቅስሜ ተሰበረ። እልህ ያዘኝ። ተሸማቀቅኩ። ደወሉ ሲደወል 31 ደርሰን ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ ደስ ያለኝ ክርክራቸው ነው። «ቅር አለኝ» እና «ከፋኝ» አንድ ናቸው ሲባል አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «አይደሉም! ቅር የሚለኝ የምወደው ሰው ሲያደርግብኝ ነው። የማላውቀው ሰው ቅር አያሰኘኝም» አለች። ሌላው ቀጠለ፤ «ሆድ የሚብሰኝ ብቻዬን ስሆን አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው ሳይ ነው የሚብሰኝ።» ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ይህን ልዩነት እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሰዋስውንም በዚያው ገባንበት። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ ቀናሁ ስንል የግሱ ባለቤት «እኔ» ነኝ። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደበረኝ ስንል ግን እኔ ተሳቢ ሆኜ ባለቤቱ ይሰወራል። ይህን ሳስረዳ ከኋላ አንድ ልጅ፣ «እና ቲቸር፣ ከፋኝ ስል የሚያከፋኝ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የቤት ሥራ አድርጌ የሰጠኋቸው ያንኑ ጥያቄ ነው። ቃሉን ጻፉ፤ ከሥሩ «ምን ሲሆን?» ብላችሁ መልሱ።

ዓርብ ዓርብ ባዶ የጠመኔ ካርቶን አስቀምጥ ነበር። ስም ሳይጽፉ፣ የሳምንቱን ቃል በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ይከታሉ፤ እኔ ቤት ወስጄ አነባለሁ፤ ለማንም አላሳይም። አንዱ ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ ባለካሬ ወረቀት፣ አራት ቦታ ታጥፎ። ማን እንደሚከተው ለማወቅ አልሞከርኩም።

አንድ ቀን ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ በር ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። የክፍል ጓደኛውን አፍንጫ አድምቶ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ከደነገገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔም አውቀው ነበር። እያወቅሁም በጀማሪነቴ ስንቱን አንበርክኬአለሁ። ያን ቀን ግን አስነሣሁትና ደረጃው ላይ አብረን ተቀመጥን።

«ተናደህ ነው?»

ቆየ። «መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቲቸር። ከዚያ ነው የተናደድኩት።»

እናቱ ጉልት ትቸረችራለች፤ የተመታው ልጅ በዚያ ሰድቦታል። «ስድቡ አይደለም» አለ መሬት መሬት እያየ። «በእናቴ አፈርኩ። በእሷ ማፈሬ ነው ያናደደኝ።»

የምለው ጠፍቶኝ አጠገቡ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የእልህ ልጓም የሚሆነው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ሳይበስል እንደሚቆይ አንብቤአለሁ፤ ይህ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን የስሜቱን ሥር ራሱ ቆፍሮ አወጣው። ሦስት ቀን ታገደ፤ «ወላጅ ይዘህ ና» ተባለ። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ መጣች። ለምን እንደተጣላ ስትጠይቀኝ ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እሱ ራሱ እንዲነግርሽ ጊዜ ስጪው ብዬ መለስኩላት። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ተደባድቧል።

የካቲት ላይ አክስቴ አረፈች። ወላጆቼን ገና በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰው በሽታውን ፈርቶ ለቅሶ ቤቱ ባዶ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ማክሰኞ ዕለት አንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ቢያረፍድ ክፍሉን ሙሉ አዋረድኩ፤ የስም መጥሪያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ዓርብ ማታ ካርቶኑን ስከፍት ባለካሬው ወረቀት አለ። ዘረጋሁት። በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር ተጽፎበታል፤ «ቲቸር፣ ማክሰኞ ተናደው ነው ወይስ ሆድ ብሶዎት?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ስገባ መጽሐፉን አልገለጥኩም። «ያሳደገችኝ አክስቴ አርፋ ነው» አልኳቸው። «ሆድ ብሶኝ ነበር። በእናንተ ላይ ተወጣሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ድምፄ ሲቆራረጥ ይሰማኝ ነበር።

ከመካከል ዴስክ ተንቋቋ። ከዚያ ሌላ። ሃያ ሁለቱም ቆመው ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ቲቸር።» «አላህ ያጽናዎት።» «ነፍሳቸውን ይማር።» ቤታቸው ለቅሶ ሲደርሱ እንዳዩት፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ማስክ ስላጠለቁ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አላየሁም።