ከገበሩ በኩል

ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ከላዬ ላይ ግራጫ ሹራብ ነበር። ክፉ ሹራብ አይደለም፤ ግን 7 ወር ሙሉ ከእሱ በቀር ሌላ ነገር ለብሼ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከየአገሩ የለቀምኳቸው ጨርቆች፣ ቀሚሶችና ነጠላዎች ታጥፈው ተቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን የምከፍትበት አቅም አጣና እጄ በር ላይ ወደተሰቀለው ሹራብ ይሄዳል። ስለ ፋሽን ጽፋ እንጀራዋን ለምትበላ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሙያው ሰው ያውቀዋል።

11 ዓመት ስለ ልብስ ጽፌያለሁ። ቅጥር የለኝም፤ ለመጽሔት፣ ለሬዲዮ ዝግጅት፣ ለልብስ ሱቆች ገጽ በቁራጭ እየተከፈለኝ ነው የምሠራው። በቁራጭ የሚሠራ ሰው የመጣለትን ሥራ መመለስ ይፈራል፤ ዛሬ እምቢ ያለው ደንበኛ ነገ የማይደውል ይመስለዋል። ስለዚህ ሁሉንም ተቀበልኩ። በሳምንት ሁለት የነበረው ጽሑፍ ስድስት ሆነ። እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ ሲጮህ «እሺ፣ ለጠዋት ይደርሳል» ማለት ለመድኩ። አንድ ማታ የአንድ ቀሚስ ፎቶ ፊቴ አስቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አቃተኝ። «ውብ» ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። «ማራኪ» አልኩ፤ አጠፋሁት። ከዚያ ቀሚሱን በእጄ ነክቼው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ጥጥ ይሁን ፖሊስተር፣ ገበር ይኑረው አይኑረው፣ ማን እንደሰፋው፣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ያን ዓመት ከጻፍኩባቸው ልብሶች አብዛኞቹን እንዲሁ ሳልነካቸው ነው ያሞገስኳቸው። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲያም ለሥራ አልከፈትኩትም። ሰው ሁሉ «ደከመሽ እንዴ?» ይለኛል። ድካም እንኳ ተኝተው ሲነሡ ይለቃል፤ የኔው ዝለት ነበር።

ወደ ምሥራቅ የወሰደኝ የጓደኛዬ ሠርግ ነው። ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው የጓደኛዬ እናት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ በዚህ ሹራብ ድሬን አትዘልቂያትም» ብለው እጄን ይዘው ቀፊራ ገበያ ወሰዱኝ። ጥር ቢሆንም ፀሐይዋ ትፋጃለች። በቅስት መግቢያው አልፈን ወደ ጨርቅ ተራው ስንገባ በአንድ ጊዜ ሦስት ቋንቋ ጆሮዬ ገባ፤ ዋጋው በሶማልኛ ተጠርቶ በኦሮምኛ ተቀንሶ በአማርኛ ይዘጋል። ሻጯ ወጣት ሴት ናት፤ ከተከመረው ድሪያ አንዱን ስባ አወጣችና ጫፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ጭመቂው» አለችኝ። ጨመቅኩት። «ያዢው፣ አትልቀቂ። አሁን ክፈቺ።» እጄን ስከፍት ጨርቁ እንደተኮማተረ ቀረ። ሌላ ሰጠችኝ፤ ያኛው ወዲያው ተንፈራጥጦ ተዘረጋ። «ይሄኛው ውሸቱን ነው» አለች ሁለተኛውን እየመለሰች፣ «የመጀመሪያው ጥጥ ነው፤ ላብሽን ይጠጣል።»

ይህን ፈተና አውቀዋለሁ። ለጀማሪዎች ያስተማርኩበት ጊዜ አለ። እጄ ግን ከመቼ ወዲህ እንዳልሠራው አላስታውስም። ያን ሎሚ መሳይ ቢጫ ድሪያ ገዛሁ፤ ሹራቡን አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት።

በጉዞ ላይ ስገዛ የያዝኩት ደንብ አለ። ገበያ ስገባ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም ሳልነካ እዞራለሁ። የማየው ዕቃውን አይደለም፤ የሚገዙትን ሰዎች እጅ ነው። አገሬው ለራሱ፣ ለልጁ፣ ለአማቱ የሚገዛበት ሱቅ የቱ እንደሆነ እጁ ይነግረኛል። ለእንግዳ ተብሎ የተሰቀለ ልብስ ልኩም ለእንግዳ ነው፤ ማንም እንዳይጠበው ሰፍቶ፣ ማንም እንዳይረዝምበት አጥሮ የተሠራ፣ የማንም ያልሆነ ልብስ። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከሚሸጠው ስካርፍ ይልቅ አንዲት እናት ለትምህርት ቤት ልጇ ስትከራከርበት ያየሁት የአቡጀዲ ቁራጭ ስለ ከተማው ብዙ ይነግረኛል።

ሠርጉ እሑድ አለፈ። ሰኞ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ እኔ ትኬቴን በአንድ ሳምንት አራዝሜ የሐረር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ የደንገጎን አቀበት እየተጠማዘዘ ሲወጣ አየሩ ይቀየራል፤ ሙቀቱ ከኋላ ይቀርና በመስኮቱ ቀዝቃዛ ንፋስ ይገባል። ሐረማያን፣ ከዚያ ጫት የሚጫንበትን የአወዳይን ግርግር አልፈን ሐረር ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር። በሸዋ በር ወደ ጀጎል ገባሁ። በሩ አጠገብ ሃላዋ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ የስኳሩ ሽታ ከውጭ ይቀበላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ የከበበው ይህ አሮጌ ከተማ ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ 82 መስጊድ ተሰግስጓል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን ግን የጠበቀኝ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደው ጠባብ ቁልቁለት ነው።

ስሙ መኪና ግርግር ይባላል። መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም ድምፁ። ከዚህ የተሻለ ስም ያለው የፋሽን ጎዳና እስካሁን አላየሁም። በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ከጀርባቸው ያሉት ሱቆች ጨርቅ ይሸጣሉ። አንዱ በእግሩ ሲረግጥ ሌላው ያቆማል፤ ሦስተኛው ክር ያስገባል፤ ድምፁ እንደ ዝናብ ከላይ ጀምሮ እየተቀባበለ ወደ ታች ይወርዳል። አንዲት ሴት ብርቱካናማ ሻሽ አስዘምዝማ እዚያው አናቷ ላይ ጠምጥማው ሄደች። አንድ ልጅ የተቀደደ የትምህርት ቤት ሱሪውን አስሰፍቶ እስኪያልቅ በውስጥ ሱሪ ከአባቱ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል። ጨርቅ ገብቶ ልብስ ሆኖ የሚወጣበትን ርቀት ለካሁት፤ ሦስት እርምጃ ነው።

ዘጠኝ ቀለም ካየሁ በኋላ የበሰለ ሮማን የሚመስል ጥጥ 3 ሜትር ተኩል አስቆርጬ ትይዩ ወዳሉት ሽማግሌ ሰፊ ተሻገርኩ። ነጭ ኮፍያ፣ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የወረደ መነጽር፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሜትር። የምፈልገውን ሞዴል በስልኬ ላሳያቸው ስል በእጃቸው ዝቅ አደረጉት።

«ቆይ አቦ፣ እሱን ኋላ። ስትቀመጪ ወንበር ላይ ነው ምንጣፍ ላይ?»

ይህን ጥያቄ በ11 ዓመት ውስጥ ከዲዛይነርም ከሞዴልም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው እግሩን ያጣጥፋል፤ ቀሚሱ ጉልበት ላይ ካልሰፋ ይወጥረዋል፣ ስፌቱም ከዳሌ ጎን ይተረተራል። በዚህ ከተማ ሰው ቤቱ ሲገባ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊው መጀመሪያ የሚጠይቀው አቀማመጥን ነው። «ሁለቱም ላይ» አልኳቸው። «እሺ፣ እንግዲያው ከጉልበት በታች ሽንሽን አለበት» አሉና ወገቤን፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን ለክተው በአረብኛ ቁጥር ደብተራቸው ላይ አሰፈሩ። ጨርቁን መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ዘርግተው ባለቀ የሳሙና ቁራጭ መስመር አሰመሩ። መስመሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳበው። ከዚያ መቀሱ ገባ።

«ከአሱር ሶላት በኋላ ነዪ።»

ያረፍኩት ጀጎል ውስጥ እንግዳ በሚያሳድር አንድ የሐረሪ ቤተሰብ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ነጭ ግንብና አንድ የእንጨት በር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ጎዳናው ላይ ያለፈ ሰው ባዶ ግድግዳ አይቶ ያልፋል። በሩን ከፍተው ሲገቡ ቀይ አፈር የተቀባ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያለ መቀመጫ ይቀበልዎታል፤ ነደባ ይሉታል፤ በየደረጃው ማን እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ስፌቱን ቀርቤ ሳየው፣ በእኛ በኩል በአለላና በአክርማ የምንሰፋው ዓይነት ሥራ ነው፤ ወስፌው የገባበት ቀዳዳ እንኳ አይታይም። የቤቱ እመቤት ማታ ሆጃ የሚሉትን በወተት የፈላ መጠጥ አቅርበውልኝ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። «ስለ ልብስ እጽፍ ነበር» አልኩ። «ነበር?» አሉና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ይዘው የመጡት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የእናታቸው ቀሚስ ነው። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ደረቱ ላይ ወደ ታች የሚሾል ሦስት ማዕዘን ጥልፍ ያለው። ለረጅም ጊዜ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ። «ንኪው እንጂ ልጄ፣ አይሰበርም» አሉኝ። ነካሁት። ክብደቱ አስደነገጠኝ፤ ሁለት ቀሚስ ያህል ነው። ከዚያ ጫፉን ይዘው ገለበጡት። ውስጡ ቀይ ነው፤ የደረቀ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ። ገበር መስሎኝ ነበር። ገበር አይደለም፤ ያም ራሱን የቻለ ፊት ነው፤ ስፌቱ በሁለቱም በኩል የተሰወረ። እናታቸው ቀሚሱን በዚህም በዚያም ፊት ይለብሱት እንደነበር ነገሩኝ። አንገቱ ሥር ክሩ የተለየበት አንድ ቦታ አለ፤ ጡት ለማጥባት ተከፍቶ እንደገና የተሰፋ ነው። እናታቸው ያጠቡት እሳቸውን ነው። ያንን ስፌት በጣቴ ጫፍ ብዙ ጊዜ ሄድኩበት። ጥቁሩ ክር አልቆ ኖሮ የጨረሱት በጥቁር ሰማያዊ ነው።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግን ከመቼውም የተለየ ነቅቶ ማደር ነበር። ስለዚያ ሰማያዊ ክር መጻፍ ፈለግሁ።

በማግስቱ ከመኪና ግርግር ጥቂት ገባ ብሎ ያለውን የራምቦ ቤት አየሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን በ20 ዓመቱ ገደማ ትቶ፣ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር መጥቶ ነጋዴ ሆነ፤ ቡናና ቆዳ ይገዛል፣ ጨርቅም ይሸጣል። ሙዚየም የሆነው ቤት እሱ የኖረበት አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የተሠራ ያማረ የነጋዴ ቤት ነው። በነጭ ጥጥ ልብስ ቆሞ የሚታይበት ፎቶግራፍ ፊት ብዙ ቆምኩ። ወደ አገሩ በላካቸው ደብዳቤዎች ሰለቸኝ እያለ ያማርር ነበር። ከእሱ በፊት በ1855 እ.ኤ.አ. መጥቶ 10 ቀን የሰነበተው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ደግሞ የሐረርን የእጅ ሸማ ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አብልጦ አመስግኖ ጽፏል። ልቤ ወደ በርተን አደላ። ጨርቁን በእጁ ይዞ ነው የጻፈው።

ከእዚያ ወደ ግድር መጋላ ወረድኩ። ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶች ይዞራሉ፤ ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ዘንቢሉን በደረቱ አቅፎ ነው የሚሄደው። በርበሬና ዕጣን ከሚሸጡት አልፌ ስፌት ከሚሸጡ ሴቶች አንዲት ትንሽ ሙዳይ ገዛሁ። በዋጋው ብዙ አልተከራከርኩም። አንዷ ስፌት ግን፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ያየኋት፣ በምንም ዋጋ አትሸጥም ተባልኩ፤ የሻጯ ሴት ልጅ ንብረት ናት፣ ለጎጆ መውጫዋ። ስፌቷን እያየሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ።

መኪና ግርግር ያዘዝኩት ቀሚሴ ደግሞ በተባለው ሰዓት፣ ሐረር በደረስኩበት ቀን ነው ያለቀው። ልኬቱን ሳየው በጣም ደስ አለኝ፤ ሽማግሌው ግን ገና አላስረከቡኝም። ገለበጡት። በውስጥ በኩል እያንዳንዱ የስፌት ጠርዝ ታጥፎ በእጅ ተዘምዝሟል፤ የተንጠለጠለ ክር የለም። የጎን ስፌቱ ውስጥ ደግሞ ያላዘዝኩት ኪስ አለ። «ስልክሽ ነው» አሉ፣ «እጅሽ ላይ ይዘሽው ስትዞሪ አየሁ፤ ሰው ይወስድብሻል።» እጄን ከተትኩ። ስልኬ ልክ ገባ፤ በማየት ብቻ ለክቶታል ዓይናቸው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ቀናት ወደ እሳቸው ደጃፍ እየሄድኩ አጭር በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ዝም ብዬ አየሁ። በሁለተኛው ቀን ወረቀት ለመንኳቸው፤ ከደብተራቸው መሐል አንድ ገጽ ገንጥለው ሰጡኝ። ያየሁትን ብቻ መጻፍ ጀመርኩ፦ ሳሙናው ስንት ጊዜ እንደሚሳል፣ ክር ሲበጠስ በጥርስ ነው ወይስ በመቀስ፣ ሙሽራ ስትመጣ ሜትሩን የሚይዘው እሳቸው ሳይሆኑ እናቷ እንደሆነች። «ውብ» የሚለውን ቃል አልፈለግኩትም። ሰማያዊውን ክር ጻፍኩ። ገጹ ሲያልቅ ጀርባውን ገለበጥኩ፤ እዚያ የሆነ ሰው የትከሻ ልክ ሰፍሯል፤ በዙሪያው ጻፍኩ።

ስመለስ የሮማን ቀለም ቀሚሴን ለብሼ የድሬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከጎኔ አንዲት አሮጊት ተቀመጡ፤ እቅፋቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሃላዋ አለ። አወዳይን እንዳለፍን ምንም ሳይሉ የቀሚሴን እጅጌ ጫፍ ያዙ፣ ገለበጡት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ዝምዝማቱን በአውራ ጣታቸው ሄዱበት።

«ማን ሰፋልሽ?»

መኪና ግርግር ብዬ የሰፊውን ደጃፍ ነገርኳቸው።

«ስንት አስከፈለሽ?»

ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

«አልጎዳሽም» አሉ፤ እጅጌዬን መልሰው አስተካከሉልኝና ከሃላዋው ቆርሰው ሰጡኝ።