ፎርማት ከማለታችን በፊት

በግቢያችን ውስጥ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ «ፎርማት» የሚለውን ያህል ከአፍ በቀላሉ ወጥቶ ብዙ ነገር ይዞ የሚሄድ ቃል ያለ አይመስለኝም። ላፕቶፑ ቢዘገይ ፎርማት፤ ቫይረስ ቢገባበት ፎርማት፤ እየጠፋ እየበራ ቢያስቸግር አሁንም ፎርማት። ይህ ራሱን ያመመውን ሰው አንገቱን ቆርጦ «እንግዲህ አያምህም» እንደ ማለት ነው።

የኔው ላፕቶፕ ባለፈው ጥር ወር ይኸው ደዌ ያዘው። ሲበራ የፋብሪካው ምልክት ይታያል፤ ነጫጭ ነጥቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ከዚያ ሰማያዊ ገጽ ብልጭ ይልና እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ፊደል ቈጥሮ ሳይጨርስ ከ«ሀ» የሚጀምር የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መሰለ።

በውስጡ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የመመረቂያ ጽሑፌ ሲሆን፣ ለአማካሪዬ በኢሜይል የላክሁት ቅጂ ስላለ አላሳሰበኝም። ሁለተኛው ግን የ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ድምፅ ነው። ጽሑፌ ስለ ሙሾ ነውና፣ ያለፈው ክረምት አገር ቤት ሄጄ በአካባቢው በአልቃሽነታቸው የታወቁ አንዲት ባልቴት ሲያወርዱ ቀድቼ ነበር። የቀዳሁበት ስልክ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። እማማም በኅዳር ወር ዐረፉ። ለስንቱ የአገር ሰው ያለቀሱት እናት፣ ድምፃቸው የቀረው በዚያ መነሣት እንጂ መቆም በተሳነው ዕቃ ውስጥ ብቻ ነበር።

ዕቃውን ከግቢ ውጭ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰድሁት። ገና ሳይከፍተው «እህቴ፣ ይኼ ፎርማት ነው የሚፈልገው፤ ማታ ነይና ውሰጂ» አለኝ። «ውስጡ ያለው ፋይልስ፣ ወንድሜ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ፋይልማ ይሄዳላ!» ሲል መለሰልኝ። ዕቃዬን ይዤ ተመለስሁ። እውነቱን ለመናገር በሰውዬው አልፈርድም። ሰው የሚከፍለው ለተነሣ ላፕቶፕ እንጂ ለተረፈ ድምፅ ስላልሆነ፣ እርሱም የሚከፈልበትን ሥራ ነው የሚያየው።

ይሁን እንጂ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዊንዶውስና የኛ ፋይሎች በአንድ ዲስክ ላይ ቢቀመጡም አንድ ነገር አይደሉም። የአንዱ መታመም የሌላው ሞት አይደለም። ላፕቶፕ ራሱን እያጠፋ የሚነሣበት ምክንያትም ብዙ ነው። አቧራ ፋኑን ሲደፍነው ይግላል፤ ሲግልም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ራሙ ይበላሻል ወይም ከቦታው ይላላል። ባትሪው የሞተና በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብራት ብልጭ ባለ ቍጥር ይጠፋል። ዲስኩ ያረጃል። ወይም ዊንዶውስ ያወረደው ማሻሻያ በትክክል ሳይገባ ይቀራል። ከነዚህ መካከል ፎርማት ሊረዳ የሚችለው ለመጨረሻው ነው። አቧራ በፎርማት አይጠረግም።

በሽታውን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ላፕቶፑ ሲበራ ወደ ባዮስ ገጽ አስገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ማቆየት ነው። ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣ ስለ ሆነ፣ እዚያም ላይ ከጠፋ በሽታው የአካል ነው። እዚያ ጸንቶ ዊንዶውስ ሲነሣ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ግን የሶፍትዌር ወይም የዲስክ መሆኑ ያመዝናል።

በዓለም ላይ የሆነውንም እናስታውስ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። ብዙዎቹ ልክ እንደኔው ላፕቶፕ እየተነሡ ይወድቁ ነበር። በረራዎች ተሰረዙ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ነገር ግን መድኃኒቱ 8.5 ሚሊዮን ፎርማት አልነበረም። ዋናው መፍትሔ ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያንኑ የተበላሸ ፋይል መሰረዝ ሆነ።

ወደኔው ጉዳይ ልመለስ። ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠና የዶርም ጓደኛዬ ዕቃውን በባዮስ ፈተነችው፤ አልጠፋም። ቀጥላ በራሷ ላፕቶፕ ኡቡንቱን በፍላሽ ላይ አዘጋጀች። ኡቡንቱ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ የሚሠራ ነጻ ሲስተም ነው፤ ዋናው ጥንቃቄ ሲነሣ «ልጫን?» ሲል እሺ አለማለትና «ልሞክር» የሚለውን መምረጥ ነው። በዚህ መንገድ የታመመው ዊንዶውስ ሳይቀሰቀስ ዲስኩ ተከፈተ። የተቈለፈ ስለ ነበረ ባለ 48 አኃዙን የቢትሎከር ቁልፍ ጠየቀ፤ ቁልፉንም ከማይክሮሶፍት አካውንቴ አገኘነው። ከዚያ በኋላ ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥነው።

ጓደኛዬ «የተገለበጠ ሁሉ የተረፈ አይደለም፤ ተከፍቶ ይታይ» ስላለች በእርሷ ላፕቶፕ ከፈትነው። የእማማ ድምፅ ወጣ። ለፈተና ሲያጠኑ የነበሩት የዶርም ልጆች ሁሉ ቀና አሉ፤ ሙሾው እስኪያልቅም የተናገረ አልነበረም።

ጥገናው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ዊንዶውስ ደጋግሞ መነሣት ሲያቅተው በሚያወጣው የጥገና ገጽ ገብተን መጨረሻ የወረደውን ማሻሻያ አስወጣነው፤ ላፕቶፑም ተነሣ። ይህ ባይሠራ ኖሮ ፋይሎችን ጠብቆ ዊንዶውስን እንደ ገና የሚተክል ምርጫ አለ፤ ፕሮግራሞችን ግን ይሰርዛል። እርሱም ቢሆን ቅጂ ሳይያዝ የሚሞከር አይደለም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግሞ ማስነሣቱ ጕዳቱን ያብሳልና አጥፍቶ ዐዋቂ መፈለግ ይሻላል።

እንግዲህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በጽሕፈት ቤቱ አንድ የኡቡንቱ ፍላሽ፣ አንድ ባዶ ዲስክና የላፕቶፕ ዲስክ አውጥቶ በዩኤስቢ ለማገናኘት የሚያገለግል አንድ ካዝና ይቀመጥ። ከቴክኒክ ትምህርት ክፍሎች ፈቃደኞች በየሳምንቱ ተራ ይግቡ። ወጪው ለአንድ የመሸኛ ግብዣ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም። እስከዚያው ድረስ ዕቃችንን ለጠጋኝ ስንሰጥ «መጀመሪያ ገልብጥ፣ ቀጥለህ ጠግን» እንበል፤ የመገልበጡንም ዋጋ ለይተን እንክፈል። ላፕቶፕ ቢጠፋ ዘመድ አዋጥቶ ሌላ ይገዛል። የሞተ ሰው ድምፅ ግን በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።