ሐዲድ በማያውቀው አገር

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ገጠር «ባቡር» ማለት የእህል ወፍጮ ነው። እናት ልጇን «ጤፉን ባቡር አድርሰህ ና» ብላ ብትልከው፣ አህያውን ወዴት እንደሚነዳ የሚጠፋው ልጅ የለም። በሐዲድ ላይ ለሚሄደው «የምድር ባቡር» የሚል ስም ተለይቶለታል፤ ዳሩ ግን ይህ ስም ከመማሪያ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ የገባ አይደለም። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ስለ ተዘረጋው መሥመር ካስተማርሁ በኋላ ተማሪዎቼ ባቡር ሥለው እንዲያመጡ ባዝዝ፣ ዘጠኙ ልጆች የቆርቆሮ ቤት፣ የጭስ ማውጫ ቧንቧና በደጃፉ የቆሙ አህዮች ሥለው አመጡልኝ። ስሕተት ነው ብዬ ቀይ እስክሪፕቶ ላሳርፍበት እጄን አነሣሁና መልሼ ተውሁት። የጠየቅኋቸው ባቡር ነው፤ የሣሉትም የሚያውቁትን ባቡር ነው።

የባቡር አምሳያ መሥራት የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ሥራ በባሕር ማዶ የሕፃናት መጫወቻ ብቻ ሆኖ የቀረ አይደለም። ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ማኅበር አቁመው ይደክሙበታል፤ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በ1993 ዓ.ም. የተከፈተውንም ታላቅ አምሳያ ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይጓዛል። በውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ባልንጀራዬ አሳቤን ሰምቶ፣ መንኰራኵሩ ቀይ የሆነ አንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት አረንጓዴ የመንገደኛ ሠረገላዎችና ጥቂት ሐዲድ በካርቶን አሽጎ ላከልኝ። እኔም ርዝመቱ 2.40፣ ወርዱ 1.20 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ አስጠረብሁ። የጉናን ተራራ በሙጫ ከተነከረ ጋዜጣ፣ የፎገራን ሜዳ ከመጋዝ ዱቄት ሠራሁ። መብራት በጠፋ ቀን በሻማ፣ በመጣ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት እሠራ ነበር። በመጨረሻም በጠረጴዛው ራስጌ አንድ የጣቢያ ቤት አቁሜ፣ በግንባሩ ላይ «ደብረ ታቦር» ብዬ ጻፍሁበት።

ባቡሩ መዞር በጀመረ ሰሞን አጎቴ ሊጠይቁኝ መጡ። አጎቴ በጐልማሳነታቸው ከደብረ ታቦር ወጥተው ድሬዳዋ ላይ 31 ዓመት በምድር ባቡር ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ፉርጎ ሲያያይዙና ሲፈቱ ጣታቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ተመለከቱና፣

«ይህ የማን ባቡር ነው?» አሉኝ።

«የጀርመን ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ጀርመን ይሳፈርበት» ብለው ተቀመጡ።

ቅር ብሎኝ ዝም አልሁ። እርሳቸው ግን በዚህ አላበቁም፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ስንት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ብለካው 16.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ አምሳያ ከእውነተኛው በ87 እጅ ያነሰ ነውና፣ 16.5 በ87 ሲባዛ 1435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል። አጎቴ ያገለገሉበት መሥመር ግን ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነው። 1435 ሚሊ ሜትር በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር ስፋት ነው። እንግዲህ እኔ በአዲሱ ሐዲድ ላይ የጀርመንን የእንፋሎት ባቡር አስኪጄ፣ ለልጆች «የአገራችሁ ባቡር ይህ ነው» ልል ተዘጋጅቼ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና እንደ መጣብኝ አልደብቅም። የአንድ ሜትሩ ስፋት ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለስዊስ የተራራ ባቡሮች አምሳያ ተብሎ የሚሸጠው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለዚህ ይስማማል። ይህን ለማስመጣት ግን የተተከለውን ሁሉ መንቀልና የመምህር ደመወዝ የማይችለውን ገንዘብ ማውጣት ነው። ደግሞስ በደብረ ታቦር የ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚታየው ሰው ማን ነው? ከአጎቴ በቀር አንድም የለም፤ እርሳቸውም የአክስቴን ቡና ከጠጡ ይረሱታል። ይህን ሳሰላስል አንድ ሌሊት አለፈ። ሲነጋ ግን ነገሩ ተገልብጦ ታየኝ። ባቡር በየቀኑ በሚያልፍበት ከተማ አምሳያው ቢሳሳት ልጁ ወደ መስኮት ሄዶ ያርመዋል። የእኔ ተማሪ የሚሄድበት መስኮት የለውም። በጠረጴዛዬ ላይ ያየውን ባቡር እስከ ጐልማሳነቱ ይዞት ይኖራል። ስለዚህ የሚያርመኝ ሰው አለመኖሩ ሸክሜን አከበደብኝ እንጂ አላቀለለልኝም። ሐዲዱን ነቀልሁ።

ከዚህ በኋላ የነበረው ዐሥር ወር ከአጎቴ ጋር የተከራከርሁበት ወራት ነው። በመጀመሪያ የተስማማነው በዘመኑ ላይ ነበር። የዚያ መሥመር ሥራ ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ደርሷል፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ የሄደውን ዓይነት ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሰብሰብ ዓፄ ምኒልክን በአውሮፕላን እንደ መሣል ይሆናል። በእንፋሎት ጀምሯል፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ሊቶሪና የተባለችው የፊያት ሥራ መጣች፤ በ1940ዎቹ ደግሞ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ገቡ። አጎቴ የመረጡት 1960 ዓ.ም.ን ነው። ጐልማሳነታቸው ስለ ሆነ እንደ መረጡት አውቃለሁ፤ አልተቃወምሁም። ያን ቀይ መንኰራኵር ያለውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በካርቶኑ መለስሁት።

ሠረገላዎቹንና ፉርጎዎቹን ከዘይት ቆርቆሮና ከቀጭን ጣውላ እኛው ራሳችን ሠራናቸው። የተዘጋው ፉርጎ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ የሚወስድ ነው፤ ክብ በርሜል የሚመስለው ነዳጅ ይዞ የሚመለስ ነው። ከሁሉ ይልቅ የደከምንበት የሦስተኛ ማዕረግ ሠረገላ ነበር። እኔ ቀለሙን አሳምሬ ብቀባው አጎቴ ሳቁብኝ። «የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ባቡር ሲያብረቀርቅ የት አየህ?» አሉና የምድጃ አመድ በጣታቸው ነክተው በመስኮቶቹ ሥር አሹት። በእንጨቱ አግዳሚ ላይ ሰዎች አስቀመጥሁ፤ ቁመቱ 1.74 ሜትር የሆነ ሰው በዚህ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። «ጥቅልሉስ?» አሉኝ። የምን ጥቅልል ብላቸው፣ «ኮንትሮባንድ የሌለበት ሦስተኛ ማዕረግ አለ?» አሉ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ጥቅልሉን ከአግዳሚው በታች ሸሸግሁት፤ እርሳቸውም ትክክለኛው ቦታ እርሱ እንደ ሆነ ነገሩኝ። የሐዲዱን ተጋዳሚም እኔ እንደ እንጨት ቡናማ ቀብቼው ነበር፤ የእኛው ብረት እንደ ነበረ አስረድተው የዝገት ቀለም አስቀቡት።

ይህ ሁሉ ሲሆን «ደብረ ታቦር» የሚለው የጣቢያ ስም በቦታው ነበር። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ጠርቼ ባሳያቸው፣ ፊት ከቆሙት አንዲት ልጅ ጣቢያውን እያየች «መምህር፣ ይህ መቼ ፈረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ። አልፈረሰም፤ ኖሮም አያውቅም። ስለ 5 ሚሊ ሜትር ዐሥር ወር የተከራከርሁ ሰው ሙሉ ጣቢያ ዋሽቼ ተገኘሁ። ያን ዕለት ማታ የጣቢያውን ስም ፍቄ «አዋሽ» ብዬ ጻፍሁ፤ የቆላውን ግማሽ ጠረጴዛም ለሐዲዱ ለየሁ። የደጋውን ግማሽ ምን ላድርገው? ከወረታ ደብረ ታቦር ያለው 42 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚህ ልክ 480 ሜትር ይሆናል፤ ሽቅቡም 900 ሜትር ገደማ ነውና ዐሥር ሜትር ወጥቶ ጣሪያዬን ይቀድዳል። በልክ ሊሠራ አይችልም፤ ሊታሰብ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነው በደብረ ታቦር ምድር በመንኰራኵር የሄደው ከባድ ነገር ምን እንደ ነበረ ያስታወስሁት። ሴባስቶፖል ነው። ከከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ዓፄ ቴዎድሮስ በሚስዮናውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ይህ መድፍ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደል እየተናደለት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ጅዳንና በሽሎን ተሻግሮ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። በዚያው ዓመት ንጉሡን ለመውጋት የመጣው የእንግሊዝ ጦር በዙላ የባሕር ዳርቻ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ አንጥፎ ስንቁን በሎኮሞቲቭ ያጓጉዝ ነበር። ስፋቱ 1676 ሚሊ ሜትር፣ ዕቃው ከሕንድ የመጣ ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ሲሞቱ፣ ሐዲድና የሰው ትከሻ በአንድ ጦርነት ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ ባጫውታቸው፣ የእንግሊዞቹ ፉርጎዎች ሞላ ያልነበራቸው መሆናቸውን ሲሰሙ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ያለ ሞላ? ሐዲዱን ይሰባብረዋል እኮ!» አሉ። የንጉሡን ነገር ግን ዝም ብለው ሰሙ።

ስለዚህ በደጋው ግማሽ ላይ መድፉ በሠረገላው ሆኖ ከጉና ሥር ቆሟል፤ ገመዱን የሚጎትቱ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሰዎች አሉት፤ ሁሉንም ለመሥራት ገና አልጨረስሁም። አዲስ አበባ ያለውም የሴባስቶፖል አምሳያ በቸርችል ጎዳና ላይ ነው፤ ያን ጎዳና ይዞ የወረደ ሰው ለገሀር ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚመጣ መሥመር በመንግሥት የባቡር ዕቅድ ካርታ ላይ ተሥሎ አይቻለሁ፤ ስለዚህ በጠረጴዛው ዳር የአንድ ሐዲድ ያህል ቦታ ባዶውን ትቼአለሁ። አዲሱ ቢመጣ ስፋቱ 1435 እንደሚሆን ስለማስብ፣ የነቀልሁትን የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አልጣልሁትም፤ በሣጥን ውስጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌላም ነገር ጨመርሁ። በደብረ ታቦር በኩል፣ ጣቢያው ሊሆን በነበረው ቦታ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የጭስ ቧንቧ ያለው አንድ ወፍጮ ቤት አቆምሁ፤ በደጃፉም ከጭቃ የሠራኋቸውን ሦስት አህዮች አሰለፍሁ። አጎቴ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩትና፣

«የገበያ ቀን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ሦስት አህያ አይበቃም» አሉኝ። አራት ጨመርሁ።