ማን ልበል?

ጥሪና ስም በአገራችን ልማድ ተነጣጥለው አያውቁም። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ ሰው ከውስጥ የሚመለስለት የመጀመሪያ ቃል «ማነው?» የሚል ነው፤ «እኔ ነኝ» ብሎ ብቻ የመለሰ እንደ ሆነ ጥያቄው ይደገምበታል። በትልቅ ሰው ደጅ ደግሞ በር ጠባቂው «ማን ልበል?» ይላል። ጠባቂው ይህን የሚለው ለራሱ ሊያውቅ ብሎ ሳይሆን ከውስጥ ላለው ባለቤት የሚያደርሰውን ስም ለመቀበል ነው። ባለቤቱም ስሙን ሰምቶ «ይግባ» ወይም «ዛሬ አይመችም» ይላል። ስም የደጅ መክፈቻ ነበረ ማለት ነው።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስልክን በስሙ ካስመዘገበበት ከ1868 ዓ.ም. በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኝ የስልክ መስመር ተዘረጋ። አካል የሌለው ድምፅ ከሣጥን ውስጥ ሲወጣ የሰሙ ሰዎች «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደ ደነገጡ እስከ ዛሬ ይተረካል። ትረካው አዘውትሮ የሚነገረው ለሣቅ ነው፤ በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን የሚያሥቅ አይደለም። ፊቱን የማያሳይ ድምፅ የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ መልሱን ያገኘው ከደጁ ልማድ ነው። መነጋገሪያውን ያነሣ ሰው «ሃሎ» ካለ በኋላ «ማን ልበል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደዋዩም ስሙን ይናገራል። በዚያ በጣት እየተሽከረከረ በሚደወልበት ስልክ ዘመን ጥሪ ሁሉ ቁጥሩ ለተቀባዩ የማይታይ ነበረ። ይሁን እንጂ በዚህ የተሸበረ አልነበረም፤ ደዋይ ስሙን እንዲናገር ጨዋነት ያስገድደው ነበርና።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ በኋላ የደዋዩ ቁጥር ከድምፁ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። ተቀባዩ ገና ሳያነሣ «እገሌ ነው» ይላል። «ማን ልበል?» የሚለው ጥያቄም ከብዙዎች አንደበት እየራቀ ሄደ፤ ቁጥር የስምን ስፍራ ወሰደ። ስለዚህም ነው ዛሬ በስልኩ መስኮት ላይ በቁጥር ፈንታ «ፕራይቬት ነምበር» የሚል ጽሕፈት ብቅ ሲል ልብ የሚደነግጠው።

በመሠረቱ ቁጥሩ አልጠፋም። ደዋዩ ቁጥሩ ለተቀባዩ እንዳይታይ በስልኩ ላይ ያዛል፤ ቁጥሩም ከነትእዛዙ በኔትወርኩ ውስጥ አልፎ ከተቀባዩ ዓይን ብቻ ይሰወራል። ጥሪውን ባስተላለፈው ድርጅት መዝገብ ውስጥ ግን ይገኛል። እንግዲህ በተሰወረ ቁጥር የሚዝት ሰው የተሸሸገው ከሚያስፈራራው ሰው እንጂ ከሕግ አይደለም፤ ዛቻ የደረሰበትም ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ለፖሊስ ማመልከቱ ከንቱ ድካም አይሆንም። ሌላም ዓይነት መሰወር አለ። ከባሕር ማዶ በርካሽ መንገድ የሚመጣ ጥሪ፣ ከአንዱ አስተላላፊ ወደ ሌላው ሲሸጋገር፣ የራሱን ቁጥር ጥሎ ወይም የሌላ ሰው ቁጥር ለብሶ ሊደርስ ይችላል። ይህኛው ደዋይ የሸሸገው ነገር የለም፤ ማንነቱን የገፈፈው መንገዱ ነው።

በደሴ ከተማ ለሚኖሩ አንዲት እናት ይህ ልዩነት የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሴት ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በዚያ አገር የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ «ከፋላ» በሚባለው ሥርዐት ከአሠሪዋ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ፓስፖርታቸውንና ስልካቸውን አሠሪ የሚይዝባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ይህችም ልጅ የምትደውለው በገዛ ስልኳ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በጎረቤት ሠራተኛ፣ ሌላ ጊዜ በባለ ሱቅ ስልክ ነው። ጥሪዋ አንዳንዴ በማይታወቅ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቁጥር ይደርሳል።

በዚያው ባልታየ ቁጥር ሌላም ሰው ይደውላል። አንድ ቀን ድምፁ የለሰለሰ ጎልማሳ «እናቴ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፤ በስልክዎ የተላከውን የምስጢር ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ» አላቸው። ወንድ ልጃቸው በአጠገባቸው ባይኖር ኖሮ በባንክ ያስቀመጧት ጥቂት ገንዘብ በዚያች ቅጽበት ትሄድ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የተቆጣው ልጅ፣ ቁጥሩ የተሰወረ ጥሪ ሁሉ እንዳይገባ አድርጎ ስልኩን ዘጋላቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት እናቲቱ ልጃቸውን ጠርተው፣

«ይህ ያደረግህልኝ ነገር የሚከለክለው ሌባውን ነው ወይስ እኅትህን?» አሉት።

«ሁለቱንም ነው» አለ ልጁ፣ ጥቂት ዝም ብሎ።

«እንግዲያው ክፈተው።»

«እማዬ፣ ቢያታልሉሽስ?»

«ቢያታልሉኝ የሚሄደው ገንዘብ ነው። እሷ በሰው ስልክ ለምና ደውላ ባትሰማኝስ?»

ልጁ ከፈተው። እናቲቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያነሡት በቀድሞው የዋህነት አልነበረም። ስማቸውን አይናገሩም፤ ከስልኩ ላይ የመጣ ቁጥር ለማንም አያነቡም። «ማን ልበል?» ብለው ዝም ይላሉ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» የሚል የሴት ድምፅ እንኳ ቢመጣ አይበቃቸውም፤ በልቅሶና በመስመሩ ድክመት መካከል የሰው ልጅ ድምፅ ሁሉ ይመሳሰላልና። ስለዚህ «ገደል የገባችው ላማችን ስሟ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። አታላይ የሰውን ስምና ሰፈር ያጠና ይሆናል፤ ከገጠር ሳይወጡ በፊት የነበረችውን ላም ስም ግን ከወዴት ያገኘዋል? ይህ በተጠየቀ ጊዜ አንደኛው ደዋይ ምንም ሳይመልስ ዘጋ። ሌላ ቀን ሌላ ድምፅ «ቦራ» አለ፤ ቀጥሎም ሣቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማልቀስ ጀመረ። እናቲቱም «አይዞሽ፣ አለሁ» አሉ።

የኚህ እናት ብልኀት አዲስ አይደለም፤ የበር ጠባቂው ጥያቄ ነው። የሚታይ ቁጥርም ቢሆን የሐሰት ሊሆን ይችላልና ጥያቄው ለሚታየውም ለተሰወረውም ጥሪ ያገለግላል። ሳይጠይቁ የሚከፍቱት ደጅ ሌባን ያስገባል፤ ፈጽሞ የማይከፈት ደጅ ግን የቤቱን ልጅ በውጭ ያሳድራል።

በደዋዩም ላይ የሚወድቅ ዕዳ አለ። ቁጥርን መሰወር ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ ከገዛ ስልኩ ለሕመምተኛ የሚደውል ሐኪም፣ መኖሪያዋ እንዳይታወቅባት የምትሠጋ ሴት በቂ ምክንያት አላቸው። ሆኖም በድሮው ልማድ የመሸበት መንገደኛ እንኳ «አሳድሩኝ» ሲል ስሙ ባይታወቅ ፊቱን ያሳይ ነበር። በስልክ ፊት የለም፤ ቁጥሩም ከተሰወረ የሚቀረው ስም ብቻ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከመቃብር በላይ የሚውለውን ስም አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጥሪ የሚነፍግ ሰው፣ ማን ይባላል?